በታኅሣሥ ብርድ የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ አልል ብሎኛል፤ ለገና ምን ላድርግ?

ብርዱ_በዛ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳቦ የምትጋግሩ ሰዎች ካላችሁ እርዱኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴይንት ፖል ነው። ዘንድሮ ገና የሚከበረው እኛ ቤት ነው። የባለቤቴ ወንድሞች ከነልጆቻቸው ይመጣሉ፤ ዶሮውም ድፎውም እኔ ላይ ወድቋል። ዶሮው አያሳስበኝም። ቁሌቱን ቀደም ብዬ ከሠራሁ ሌላው ቀላል ነው። የሚያስጨንቀኝ ዳቦው ነው።

ሰመር ላይ ስጋግር ሊጡ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ኩፍ ብሎ ከሳህኑ ሊወጣ ይደርሳል። ከኅዳር ወዲህ ግን ዱቄቱ ያው፣ እርሾው ያው፣ ሳህኑ ያው ሆኖ ሊጡ እንደተኛ ይቀራል። ማሞቂያችን 66 ፋራናይት ላይ ነው (ቢሉን ያየ ሰው አይፈርድብኝም)። እሺ ብሎ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ላዩ ቶሎ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይሆናል። ኮባም የለም። በፎይል ብቻ ስጋግረው ሽታው የሱቅ ዳቦ ነው የሚሆነው።

እናቴን በስልክ ስጠይቃት «እጅሽ ይነግርሻል» ትለኛለች። እጄ እስካሁን ምንም አልነገረኝም። አገር ቤት ሙቀት ስላለ ነው መሰለኝ እነሱ እንዲህ የማይቸገሩት። አሁን ጾም ስለሆነ ለሙከራ የምጋግረውም ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ነው፤ እሱ ይሆን እንዴ ችግሩ? የምታውቁትን በዝርዝር ንገሩኝ፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል መልስ አልፈልግም 😅

የፒያሳ_ልጅ

አንቺ ልጅ፣ አገር ቤት ሙቀት ነው ያለሽ ማነው? አዲስ አበባን በታኅሣሥ ሌሊት ረሳሽው ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት ወር ነው፤ ቤታችን ደግሞ ማሞቂያ የለውም። እናቶቻችን የገና ሊጥ የሚያቦኩት በዚያ ብርድ ነው። እኛ ቤት ሊጡ ጋቢ ለብሶ ምድጃው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ እኛ ልጆቹ ጋቢውን ብንፈልግ እንኳ አይሰጠንም ነበር።

ግን አንድ እውነት አለሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ነገር ያንሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ያብጣል። ሚኒሶታ ዝቅ ያለ አገር ነው። እናትሽ በምትነግርሽ ሰዓት ከሄድሽ ሁልጊዜ ያጥርብሻል። ሰዓቱን ተይውና መጠኑን እይ። እጥፍ ሆነ ወይ? አልሆነም? ጠብቂው።

በነገራችን ላይ በተቃራኒውም ይሠራል። እኔ ከፈረንጅ ቪዲዮ እያየሁ ስጋግር «የዳቦው መሃል 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ» ይሉኛል፤ እዚህ ውሃ ራሱ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ ዳቦዬ እስኪቃጠል ብጠብቅ 95 አይገባም። ቴርሞሜትሩን ልጥለው ነበር።

ሌላው ዱቄቱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲሱ ስንዴ የሚታጨድበት፣ የአርሲና የባሌ ስንዴ ወደ ገበያ የሚገባበት ጊዜ ነው። እናቴ ስንዴ ገዝታ፣ አበጥራ፣ ወፍጮ ቤት ነው የምታስፈጨው። ያ ዱቄት ከነገለባው ስለሆነ ብዙ ውሃ ይጠጣል። አንቺ በነጭ ዱቄት በእናትሽ ውሃ ልክ ካቦካሽ ሌላ ነገር ነው የሚወጣልሽ።

የጾሙ ነገር አያሳስብሽ። ድፎ ዳቦ ድሮም ወተትና እንቁላል አይፈልግም። ትንሽ ዘይት ይበቃዋል።

ምጣድ_ብቻ

ይቅርታ ይደረግልኝና በኦቨን የሚጋገረው ነገር ሌላ ዳቦ ነው። ድፎ ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት ይፈልጋል። ሸክላ ምጣድ ላይ ኮባ ታነጥፊያለሽ፣ ሊጡን ትገለብጫለሽ፣ በኮባ ትሸፍኚዋለሽ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ደፍተሽ ከላዩ ፍም ታደርጊበታለሽ። እሳቱም የኩበት ነው፤ ኩበት አይነድም አይጠፋም፣ ቀስ ብሎ ያበስላል። ኦቨን ያንን ሽታ ከየት ያመጣል? ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።

ፍራንክፈርት_ነኝ

@ምጣድ_ብቻ ወንድሜ፣ አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ኩበት ላንድድ? 😂 ኦቨን እኮ ከታችም ከላይም ነው የሚያሞቀው። አንተ ያልከውን ፍም በኤሌክትሪክ ቀየርነው እንጂ ሌላ ነገር አላደረግንም። ሽታውን በተመለከተ እስማማለሁ፣ ጭሱ የለም።

ወደ ጥያቄው። እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ብርዱን አውቀዋለሁ። ሊጥ በደንብ የሚነሳው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ያንቺ 66 ፋራናይት ወደ 19 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ሙቀት እርሾ ይሠራል፣ ግን ተኝቶ ነው የሚሠራው። ቀላሉ መፍትሔ ኦቨኑን ሳትለኩሺ መብራቱን ብቻ ማብራት ነው። ሊጡን ከነሳህኑ አስገቢው፣ አጠገቡ የፈላ ውሃ በኩባያ አስቀምጪ፣ በሩን ዝጊ። ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ይሆናል፣ የሊጡም ፊት አይደርቅም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪው። ኦቨን ውስጥ ሊጥ እንዳለ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፊ፣ አንዱ መጥቶ ፒዛ ሊያሞቅ እንዳይለኩሰው።

ውሃው ላይ ተጠንቀቂ። ብርድ ነው ብለው በጣም ትኩስ ውሃ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ለብ ያለ ማለት ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ጣትሽን ስትነክሪ ሙቀቱ ሊታወቅሽ ይገባል፣ ሊያስወጣሽ አይገባም። እርሾ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሆን መሞት ይጀምራል። ከሞተ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብትጠብቂው አይነሳም።

ዱቄት ደግሞ «የዳቦ ዱቄት» የሚለውን ግዢ። ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን እንዳትነኪው፤ ብዙ ሰው ለእንጀራ ስለሚጠቀምበት ቤቱ ውስጥ አለ፣ ግን ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ተቀላቅሎበታል። እዚህ ጀርመን ያላችሁ ታይፕ 550 ውሰዱ፣ ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ሩቡን 1050 አድርጉት። ደረቅ እርሾ 7 ግራሟ እሽግ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት ነው የምትባለው፣ ለኪሎም ትበቃለች፣ ትንሽ ትቆያለች እንጂ። 42 ግራም የሆነው እርጥብ እርሾም ለኪሎ ነው የሚሉት፤ እኔ ግማሹን ነው የምጠቀመው።

ከርዕስ ልውጣ አንዴ። ጎረቤቴ ጀርመናዊት ናት፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ሽቶለን ጋግራ ታመጣልኛለች። ቅቤ የጠገበ፣ ዘቢብ የሞላበት፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ነው። እኔ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነኝ። ደግነቱ ሽቶለን በደንብ ከተጠቀለለ ሳምንታት ይቆያል፣ እንዲያውም ሲቆይ ነው የሚጥመው ይላሉ። የሷ ገና አልፎ የኛ ሲደርስ እበላዋለሁ። እኔ ድፎ እወስድላታለሁ፤ ጥቁር አዝሙዱን በጣም ወዳዋለች።

እትዬ_ሰፌድ

ልጄ፣ ብርዱን ከምትታገይው ሥራ ስጪው።

እኔ ሜሪላንድ ከመጣሁ ጀምሮ የገና ዳቦ በቀን አቡክቼ አላውቅም። በዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ላይ አቦካና ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቅዳሴው አልቆ ሌሊት 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ስመለስ ሊጡ ደርሶ ይጠብቀኛል። እኔም ቆሜ አድራለሁ፣ እሱም ተነስቶ ያድራል። ቤትሽ ቀዝቃዛ መሆኑ ለዚህ ነው የሚጠቅምሽ። በሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል የሚነሳ ሊጥ ሌሊቱን ቢተው ኮምጥጦ ይወድቃል፤ በብርድ ግን ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ጣዕምም ያወጣል። በአንድ ሰዓት የተነሳ ዳቦ እርሾ እርሾ ነው የሚለው።

በዝርዝር ካልሽ በዝርዝር። 1 ኪሎ የዳቦ ዱቄት። ለሌሊት ሲሆን እሽጉን ሙሉ አትጨምሪ፣ ደረቅ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ይበቃል። ቤቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ግማሽ። ጨው ሦስት የሻይ ማንኪያ። ጥቁር አዝሙድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ኮረሪማ ተፈልፍሎ የተወቀጠ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ድምብላል ተቆልቶ የተፈጨ ያንኑ ያህል። ዘይት የቡና ስኒ ግማሽ። ውሃ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር፤ ከ650 ጀምሪና እያየሽ ጨምሪ።

ሊጡ እጅ ላይ የሚይዝ ይሁን። ጠንክሮ ጠረጴዛ ላይ የሚንከባለል ከሆነ ውሃ አንሶታል። ሰው በዚህ ነው የሚሸነፈው፣ ሲጣበቅበት ዱቄት ይጨምራል፣ ዱቄት ሲጨምር ይደርቃል፣ ከዚያ ዳቦው አልነሳም ይላል። እጅሽን በዘይት እያስነካሽ እሺው። ቡሃቃ ካለሽ በቡሃቃ፣ ከሌለሽ በትልቅ ሳህን፣ ግን ሰፊ ይሁን። ፊቱን በዘይት ቀቢና ክደኚው። ወጥ ቤት ውስጥ ይደር። ጋራዥ ይሻላል የሚሉሽ ካሉ የሚኒሶታን ጋራዥ አያውቁትም፤ በረዶ ሆኖ ነው የምታገኚው።

ሌሊት ስትመለሺ ሊጡን በእርጥብ እጅ ከዳር ወደ መሃል እጠፊው። አትደቁሺው። ቅጠል ወደ ተነጠፈበት መጥበሻ ገልብጪና ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እንደገና ይነሳ። በዚህ መሃል ነጠላሽን አውልቀሽ፣ ቡና አፍልተሽ፣ ኦቨኑን ማሞቅ ነው።

መሃሉ ጥሬ የሚሆንብሽ እሳቱን ስለምታበዢው ነው። 350 ፋራናይት ይበቃል። በ12 ኢንች መጥበሻ የኪሎ ዳቦ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ በቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ በፎይል ሸፍኚው። ከዚያ ግለጪውና ላዩ ይቅላ። ከታቹ ስታንኳኪው የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ደግሞ ትኩሱን አትቁረጪው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሰፌድ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ትኩሱን የሚቆርጡ ሰዎች ናቸው «ጥሬ ነው» የሚሉት፤ ውስጡ ገና እየበሰለ እኮ ነው።

ብርዱ_በዛ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎን ይባርክ! ይሄንን ነበር የምፈልገው። የሌሊቱ ነገር በጣም ገባኝ፣ እኛም ቤተ ክርስቲያን ስለምናድር ልክ ይመጣል። ባለቤቴ «ከሐበሻ ሱቅ እንግዛ» እያለኝ ነበር፤ የእርስዎን መልስ አስነበብኩት፣ ዝም አለ።

የቅጠሉ ነገር ግን ይቅርና ልተወው? ወይስ በእርግጥ ልዩነት አለው?

የጉንችሬ_ልጅ

በቅጠል ጉዳይማ ጉራጌን ጠይቁ 😀

ኮባ ብለን የምናነጥፈው የእንሰት ቅጠል ነው። እኛ ጋ ቆጮ የሚጋገረው በሱ ነው፣ መስቀል ላይ ክትፎ የሚቀርበው በሱ ነው። ለጌጥ የሚመስለው ሰው አለ። ዳቦው ላይ ግን ሥራ አለው። ቅጠሉ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፤ ሲሞቅ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊጡ ዙሪያ ይታፈናል። ስለዚህ ቅርፊቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ዳቦው እስኪነሳ ጊዜ ያገኛል። ከታች ደግሞ ሊጡና ብረቱ እንዳይገናኙ ይከላከላል። ሽታው የሦስተኛ ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ስለዚህ ልዩነት አለው፣ አትተይው።

አሜሪካ ውስጥ የሙዝ ቅጠል በረዶ ሆኖ በእስያና በላቲኖ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ ይሸጣል። ሙዝና እንሰት ዘመዳሞች ናቸው፣ ሥራውን ይሠራል። ከፍሪዘር አውጥተሽ ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወፍራሙን የመሃል አጥንት በቢላ አንሺው። ከዚያ ምድጃው እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፊው። ቀለሙ ደምቆ ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳልም። ይሄን ካላደረግሽ ስታጥፊው ይሰነጠቃል፣ ሊጡም በስንጥቁ ይወጣል። ሁለት ድርብ አንጥፊ፣ ጫፎቹ ከመጥበሻው ውጪ ተርፈው ይንጠልጠሉ፣ በኋላ በነሱ ነው የምትሸፍኚው።

የሙዝ ቅጠል ካጣሽ የደረቀ የበቆሎ ሽፋን ፈልጊ። ሜክሲኳውያን ለገናቸው ታማሌ ስለሚሠሩ በዲሴምበር በየሱቁ ተቆልሎ ታገኚዋለሽ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ትንንሽ ስለሆነ እያደራረብሽ ነው የምታነጥፊው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። መኸር ላይ እርጥብ በቆሎ ከነልብሱ ሲሸጥ የምታገኙ ሰዎች ደግሞ ያንን አውጥታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ እኔ የመስከረሙን ለገና አቆየዋለሁ።

የሪያድ_እህት

እኔ የምለው የጋዝ ኦቨን ላላችሁ ነው። እዚህ ሪያድ የምሠራበት ቤት ኦቨኑ ጋዝ ነው፣ እሳቱ ከታች ለብቻ ከላይ ለብቻ ነው የሚለኮሰው። የታችኛው ሲበዛ ዳቦው ከታች ያራል። ባዶ ትሪ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጌ፣ መጥበሻውን ከሱ በላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቱ ትሪውን ይመታና ዳቦው ጋ ለዝቦ ይደርሳል። በመጨረሻ የላይኛውን ለአምስት፣ ለስድስት ደቂቃ አበራለሁ። ከፊቱ አትራቁ፣ ባንዴ ነው የሚጠቁረው።

እዚህ ደግሞ የኛ ችግር ከእናንተ ተቃራኒ ነው፣ ሰመር ላይ ሊጥ በግማሽ ሰዓት ይፈነዳል፣ በበረዶ ውሃ ነው የምናቦካው። ጃንዋሪ ላይ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ደስ ይላል፣ የዓመቱ ምርጥ ዳቦዬ የገና ነው። ማዳም ሽታውን ስትሰማ ወጥ ቤት ትመጣለች። አንዱን ለሷ፣ አንዱን ለኛ ልጆች።

ከነታንያ

ሰላም፣ ከእስራኤል ነኝ። እኛ ዳቦውን ለገና ሳይሆን ለሰንበት ነው የምንጋግረው፣ ግን ሊጡ አንድ ነው። በሰንበት እሳት ስለማይነካ ሁሉም ነገር ዓርብ ማለቅ አለበት። በጋ ላይ ዓርብ ረጅም ነው። ዲሴምበር ላይ ግን ሻማው የሚበራው 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ ከሥራ መጥቶ አቡክቶ፣ አስነስቶ፣ ጋግሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ እናቴ ሐሙስ ማታ ታቦካና ፍሪጅ ታስገባዋለች። ዓርብ ጠዋት ታወጣዋለች፣ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ከዚያ ትጋግራለች። ፍሪጅ ከወጥ ቤት ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ እርሾው ትንሽ ይብዛ፣ እትዬ ካሉት እጥፍ።

ለሲግድም፣ ለቤተ እስራኤል በዓላችን፣ እንዲሁ ነው። ሲግድ መጸው ላይ ነው የሚውለው፣ በዕብራውያን ወር በሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን። ቀኑን በጾምና በጸሎት ኢየሩሳሌም እንውላለን፣ ስለዚህ ጠዋት የሚጋግር ሰው የለም። ማታውኑ ጋግረን በጨርቅ ጠቅልለን ነው ይዘን የምንወጣው። ከሰዓት ቄሶቹ ባርከው ጾሙ ሲፈታ ያ ዳቦ ነው የሚቆረሰው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቴ ሊጡ ላይ እርድ ትጨምራለች፣ ትንሽ፣ ለቀለም። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አለ?

እትዬ_ሰፌድ

አለ እንጂ፣ የጎንደር ሰው ያደርገዋል። እኔ አላደርግም፣ ግን አልነቅፍም።

ምጣድ_ብቻ

አስተያየቴን አልቀየርኩም። ግን ኦቨን የሌለው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ያለው ሰው ይህን ካነበበ ልርዳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ከታች ብቻ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሙቀት ዳቦ ከጣልክ ከታች ከሰል ከላይ ቡኮ ነው የምታገኘው። ዝቅተኛው ላይ አድርገው። ኮባውን ሦስት ድርብ አንጥፍ፣ በአክንባሎ ክደነው፣ የአክንባሎውን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ዝጋው፣ እንፋሎቱ እንዳይወጣ። ላዩን ስትነካው እጅህ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ሰፌድ ደፍተህበት ገልብጠው፣ አዲስ ቅጠል አንጥፈህ በሌላ ፊቱ መልሰው። መገልበጥ የሚፈራ ሰው ውፍረቱን ይቀንስ። የኪሎውን ሊጥ ሁለት ቦታ ከፍሎ ቀጠን አድርጎ ቢጋግር መሃሉ ጥሬ አይሆንበትም።

እና ፎይል ሊጡን እንዳይነካ። ይጣበቃል።

ፍራንክፈርት_ነኝ

@ምጣድ_ብቻ አየህ? አንተም ከኩበት ወደ ኤሌክትሪክ ወርደሃል። ደረጃ በደረጃ ኦቨን ትደርሳለህ 😄

አምባሻ_ይሻላል

በመሃል ልግባ። ወፍራም ዳቦ ያስጨነቀው ሰው ለምን አምባሻ አይጋግርም? ትግራይና ኤርትራ በዓል ያለ ሕምባሻ አይታሰብም። ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ቅጠል አይፈልግም። ላዩን በቢላ ጀርባ እንደ ጎማ ቸርኬ ትከፋፍይዋለሽ፣ በየክፍሉ በሹካ ትወጊዋለሽ። ኮረሪማና ሰሊጥ። ድፎው ባይሳካ እንኳ መጠባበቂያ ይሆንሻል። የወንድሞቹ ልጆች ብዙ ከሆኑ ደግሞ እነሱ የሚሻሙት አምባሻውን ነው፣ እመኚኝ።

ብርዱ_በዛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! የሙዝ ቅጠሉን ዛሬ አገኘሁት፣ የቬትናም ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። እሳት ላይ ሳሳልፈው ቤቱ በሙሉ ሸተተ፣ ልጄ ከፎቅ ወርዳ «ምን እየሠራሽ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ሌሊት በእትዬ ልክ ግማሽ ኪሎ እሞክራለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አንደኛ፣ ላዩ እንዲያብረቀርቅ እንቁላል መቀባት ይቻላል? የሚበላው ገና ዕለት ስለሆነ ጾሙ አይመለከተውም ብዬ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ከሆነ ይተርፋል፤ ለጥምቀት ይቆያል ወይ?

የፒያሳ_ልጅ

እንቁላሉን ተይው ባይ ነኝ። ጾሙ ስለተፈታ ብትቀቢ ማንም አይከለክልሽም፣ ግን ላዩን ካብረቀረቀ የኬክ ቤት ዳቦ ነው የሚመስለው። ድፎ ላዩ ደብዘዝ ብሎ፣ የቅጠሉ መስመር ታትሞበት ነው የሚያምረው። ከፈለግሽ ከኦቨን እንደወጣ ዘይት በጣትሽ አሽተሽ አብሺው፣ ይበቃል። ደግሞ ባለቤትሽን ወይ በዕድሜ ትልቁን ወንድም ቆራሽ አድርጊ፤ ዝም ያለ ሰው ሥራ ይሰጠው።

እትዬ_ሰፌድ

ለጥምቀት? ልጄ፣ ከገና እስከ ጥምቀት አሥራ ሁለት ቀን ነው። ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፣ ከዚያ ይሻግታል። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቢው፣ ቶሎ ያደርቀዋል። የተረፈውን በማግስቱ ቆራርጠሽ በላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ክተቺው፤ ጠዋት ለልጆቹ እያወጣሽ ታሞቂዋለሽ። የደረቀውን ደግሞ በቅቤና በበርበሬ አፍርፊሪው፣ ጾሙ ስላለቀ ቅቤውን አትሰስቺ። ለጥምቀት ሌላ አቡኪ። ቅዳሜ የምትሞክሪውን ውሃውን ከ650 ጀምሪ፣ በአንዴ 700 እንዳታፈሺ፤ የአሜሪካ ነጭ ዱቄት አንዳንዱ ያን ያህል አይጠጣም።